ሞክሼ ሰርቨሮች

ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሲኖራቸው ሞክሼ ይባላሉ። ባገራችን ልማድ የሞክሼ ነገር ብዙ አያስቸግርም፤ የአባት ስም ይጨመራል፤ እሱም የተመሳሰለ እንደ ሆነ የአያት ስም ይጠራና ሰውዬው ይለያል። በኮምፒውተር ኔትዎርክ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አያልፍም። ፋይል የሚያስቀምጡ ሁለት ሰርቨሮች አንድ ዓይነት መታወቂያ ይዘው ባንድ ኔትዎርክ ላይ የተገኙ እንደ ሆነ፥ ጠዋት የተጻፈው ደብዳቤ ከሰዓት በኋላ አይገኝም፤ ትናንት የተከፈተው ፎልደር ዛሬ «አልተፈቀደም» ይላል፤ ባንዱ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው በሚቀጥለው ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ዓይነት ግጭት ምንጭ ለይቶ ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ መግለጽ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የአንድ ሰርቨር መታወቂያ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። በመጀመሪያ ከኔትዎርክ ካርዱ ጋር የተያያዘ ባለ 48 ቢት ቁጥር አለ፤ ይኸውም ማክ አድራሻ የሚባለው ነው። ከዚያ በላይ አይ ፒ አድራሻ አለ። ቀጥሎ ሰዎች የሚጠሩበት ስም ይመጣል። በመጨረሻም ሰርቨሩ «በእርግጥ እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የሚያረጋግጥበት ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። ግጭቱ ከነዚህ ባንደኛው ላይ ይነሣል፤ ምልክቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው በሌላው ላይ ነው። የብዙ ባለሙያዎች ድካም ከዚሁ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ቁልፉ የተበላሸ ሲመስል ቁልፉን፥ ስሙ የተበላሸ ሲመስል ስሙን ይነካካሉ እንጂ ከሥር ጀምረው ወደ ላይ አይወጡም።

እንግዲህ ከሥር እንነሣ። አንድ ኮምፒውተር በዚያው ኔትዎርክ ላይ ወዳለ አይ ፒ አድራሻ መላክ ሲፈልግ «የዚህ አድራሻ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ሁሉንም ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ማክ አድራሻውን ይነግረዋል። ይህ አርፕ የተባለ ደንብ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ መላሹን በሙሉ እምነት ይቀበላል እንጂ ማስረጃ አይጠይቅም። ሁለት መላሾች ቢኖሩ ጠያቂው የኋለኛውን ቃል ይይዛል። ስለዚህም አንዱ ሠራተኛ ወደ አንደኛው ኮምፒውተር፥ ጎረቤቱ ደግሞ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ተራው ሊገለባበጥ ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ግጭት በብዛት የሚነሣው የሰርቨሩ አድራሻ በእጅ ተጽፎ ሳለ፥ ያው አድራሻ ዲ ኤች ሲ ፒ የተባለው አከፋፋይ ከሚያድላቸው ቁጥሮች መካከል ሲገኝ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚሆነውን እንመልከት። ራውተሩ ቶሎ ይነሣል፤ ሰርቨሩ ግን ዲስኮቹን እስኪመረምር ብዙ ይቆያል። በዚህ መካከል የአንድ ሠራተኛ ስልክ አድራሻ ይጠይቃል። አከፋፋዩ አስቀድሞ ቢያጣራም እንኳ መልስ የሚሰጠው ስለሌለ ቁጥሩን ለስልኩ ይሰጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው የግጭት ማወቂያ ደንብ መሠረት ደግሞ ኋላ የመጣው ኮምፒውተር አድራሻው መያዙን ካወቀ ሊጠቀምበት አይገባውም። ዊንዶውስ የሚሠራበት ሰርቨር እንዲህ ሲያጋጥመው በ169.254 የሚጀምር ጊዜያዊ አድራሻ ይይዛል። ባለቤቱ ከገዛ ደጁ ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል ፈተና አለ። የተጠረጠረውን ሰርቨር ገመድ ነቅሎ፥ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የቆየውን የአርፕ ሰንጠረዥ ካጠፉ በኋላ፥ ወደዚያው አድራሻ ፒንግ ማድረግ ነው። ለፒንግ ዝም የሚሉ ኮምፒውተሮች ስላሉ መልሱን ሳይሆን ሰንጠረዡን ማየት ይሻላል፤ እዚያ ማክ አድራሻ ከተጻፈ ሌላ ሰው በቤቱ ገብቷል። ከማክ አድራሻው የመጀመሪያው ግማሽ በተለምዶ የሠሪውን ኩባንያ ያመለክታል፤ ለምሳሌ በ00-50-56 የሚጀምር የቪ ኤም ዌር ቨርቹዋል ማሽን ነው። ከዚያ ስዊቹ ይህ ማክ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገኝ ስለሚናገር ገመዱን እየተከተሉ መሄድ ነው። ሰርቨሩን ደጋግሞ አጥፍቶ ማብራት ግን ምንም አይጠቅምም፤ ማን ቀድሞ እንደሚይዝ ይለዋውጥና ምልክቱን ይሰውራል። መድኃኒቱ የሰርቨሩን አድራሻ ከሚታደለው ክልል ውጭ ማድረግ ወይም በአከፋፋዩ ዘንድ በማክ አድራሻው ማስመዝገብ ነው።

አድራሻው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወደ ስም እንለፍ። የድሮው የኔትባዮስ ስም አሁንም በብዙ ኔትዎርክ ላይ ስላለ መዘንጋት የለበትም። ይህ ስም 16 ባይት ሲሆን የመጨረሻው የአገልግሎቱን ዓይነት ስለሚያመለክት ለስሙ የሚተርፈው 15 ብቻ ነው። ረዥም ስም የሰጠናቸው ሁለት ሰርቨሮች በመጨረሻዎቹ 1 እና 2 ቁጥሮች ብቻ የሚለያዩ ከሆነ፥ ከ15 በላይ ያለው ሲቆረጥ ሞክሼ ሆነው ይቀራሉ። በዲ ኤን ኤስ መዝገብም ባንድ ስም ሥር የድሮውና የአዲሱ ሰርቨር አድራሻዎች አብረው ተጽፈው ይገኛሉ፤ ጠያቂውም አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያገኛል።

ቁልፉን በተመለከተ፥ በዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ ኬርበሮስ የተባለው አሠራር ለሠራተኛው የሚሰጠው ቲኬት በሰርቨሩ ቁልፍ ተቆልፎ ነው። ስሙ የአንደኛው ሰርቨር ሆኖ መንገዱ ወደ ሌላው ከወሰደ፥ ተቀባዩ ቲኬቱን መክፈት አይችልም። ለሠራተኛው የሚታየው ግን የይለፍ ቃሉን ወይም ፈቃዱን የሚጠራጠር መልእክት ነው፤ ምስኪኑም የይለፍ ቃሉን ሲለውጥ ይውላል። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ምልክት አለ፤ ሰርቨሩ በስሙ ሲጠራ እምቢ ብሎ በአይ ፒ ቁጥሩ ሲጠራ ከከፈተ፥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን የስምና የቁልፍ አለመገናኘት ነው።

ሁሉም ግጭት ባንድ ጊዜ የሚመጣው ግን ሰርቨር ሲገለበጥ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ሰርቨር አስፈልጎት የመጀመሪያውን ዲስክ እንዳለ በአዲስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ገለበጠ እንበል። ቅጂው ስሙን፥ ቁልፉን፥ ፎልደሮቹን ሁሉ ይዞ ይነሣል። በሊኑክስ ላይ ማሽን አይዲ የሚባል ባለ 32 ምልክት መለያ አለ፤ አንዳንድ ሊኑክሶች ከአከፋፋዩ አድራሻ የሚጠይቁት በዚህ መለያ ስለሆነ፥ ማክ አድራሻቸው የተለያየ ሁለት ማሽኖች አንድ አይ ፒ ይሰጣቸዋል። ማኩን ብቻ ያየ ባለሙያ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ይከራከራል።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ምንጩ ከተገኘ በኋላ ነው። ሁለቱም ማሽኖች አንድ ዓይነት ፎልደር ይዘው ሲሠሩ ስለ ቆዩ፥ የሠራተኞቹ ጽሑፍ ከፊሉ በዚህ ከፊሉ በዚያ ተቀምጧል። አንደኛውን ትርፍ ነው ብሎ ወዲያው መደምሰስ የሰውን የሳምንት ሥራ መደምሰስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሁለቱም ላይ መጻፍ ይከልከል፤ የሁለቱም ቅጂ በሌላ ዲስክ ይያዝ። ባንደኛው ብቻ ያለው ፋይል ባብዛኛው አያከራክርም፤ በሌላው ላይ ሆን ተብሎ ተሰርዞ እንደ ሆነ ብቻ ይጣራ። ግጭቱ ከተጀመረ ወዲህ በሁለቱም ላይ የተለወጠ ፋይል ግን በሰዓቱ ብቻ አይዳኝ፤ የኋለኛው ቅጂ የፊተኛውን ጨምሮ የያዘ አይደለምና። ለሁለቱም ልዩ ልዩ ስም ሰጥቶ ለጸሐፊው ማሳየት ያስፈልጋል። ቅጂው ስሙ፥ ቁልፉ፥ ማሽን አይዲውና አድራሻው ተለውጦ ወደ ኔትዎርኩ የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ነው።