የሞጣ አየርና የአሮጌ መኪና ጭስ

ለቦሎ ምርመራ ቀን እሳት ማጥፊያ የሚዋስ ሾፌር አይቻለሁ። ደህና ጎማ ከጓደኛው መኪና አስፈትቶ፣ አስገጥሞ፣ ከሰዓት የመለሰም አውቃለሁ። ጭስ ግን በውሰት አይሆንም፤ ከማርሚታ የሚወጣው ያው የራስ ሞተር ያቃጠለው፣ ወይም ማቃጠል አቅቶት የተፋው ነው። እኔም ቦሎ ለማሳደስ ስሰናዳ አሮጌዋ ዲኤክስ ኮሮላዬ ዳገት ላይ ጥቁር እየተነፈሰች አስቸገረችኝና ሞጣ ከተማ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። በልቤ ካርቡራተር መለወጥን ቆርጬ፣ ዋጋውን ፈርቼ ነበር የገባሁት። ቱታው ዘይት የጠገበ ወጣት ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አዳመጠና፣ «ጋሼ፣ ዕቃ አይደለም የጠፋት፤ አየር ነው» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ሞጣ ከባሕር ወለል 2,480 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አንድ ሊትር አየር ጂቡቲ ወደብ ላይ ካለው አንድ ሊትር በሩብ ያህል ይቀላል። የኦክስጅን ድርሻው ደጋም ቆላም ያው ከመቶ 21 ነው፤ የሳሳው አየሩ ራሱ ነው። ቤንዚን ደግሞ በደንብ ለመንደድ በየኪሎው 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ይህን ልክ የሚጠብቀው መዝኖ ሳይሆን በመሳብ ነው፦ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቤንዚኑም በቀጭኗ ቀዳዳ ተስቦ ይመጣል። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚንም ይቀንሳል፣ ግን እኩል አይቀንስም። አየሩ በ25 ከመቶ ሲጎድል ቤንዚኑ የሚጎድለው በ13 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ 14.7 ለ1 የነበረው ቅልቅል ሞጣ ላይ 12.7 ለ1 አካባቢ ይሆናል። እንጨት ታጭቆበት አየር ያጣ ምድጃ እንደሚጨስ የምታውቅ ባለሙያ ሴት ይህን ሳይንስ ያለ ቁጥር ታውቀዋለች።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጭስ ቢያስመርራት ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪኖችን በታርጋ ቁጥር ተራ እያስያዘች ከመንገድ የምታስቀረው ሜክሲኮ ሲቲ ከፍታዋ 2,240 ሜትር ነው። ሞጣ ከእሷም በላይ ናት።

አየር ያነሰው ቤንዚን ግማሽ መንገድ ነዶ ይቆምና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። በር ዘግቶ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት የሚገድለው በዚህ ነው። የጭስ መመርመሪያ መሣሪያ በቀጭን ቱቦ ከማርሚታው አፍ የሚስበውም በዋናነት ይህንንና ጭራሽ ያልነደደውን ነዳጅ ለመለካት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በአውሮፓ ካታሊስት የሌላቸው የድሮ የቤንዚን መኪኖች ቆመው ሲሠሩ የተፈቀደላቸው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን እንደ ዕድሜያቸው 4.5 ወይም 3.5 ከመቶ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እንዳለ ሞጣ ቢወጣ፣ ሌላ ምንም ሳይጓደልበት በከፍታው ብቻ ወደዚያ ገደብ ሊጠጋ ወይም ሊያልፈው ይችላል።

ወጣቱ መጀመሪያ ያወጣው የአየር ፊልትሮውን ነው። ጎማው ላይ ቀስ አድርጎ ሲመታው አንድ እፍኝ አቧራ፣ ከአቧራው ጋር ደግሞ የጤፍ እብቅ ተራገፈ። ወሩ ጥር ነበር፤ አውድማው ሁሉ የሚወቃበት ጊዜ። ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ «ያዩኛል?» አለኝ፤ በመካከላችን ወረቀት እንጂ ብርሃን አልነበረም። ቀድሞውንም ሩቡ የጎደለ አየር በዚህ በኩል ሲያልፍ ምን እንደሚቀረው ማሰብ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ በኮምፕሬሰር ይነፋ ነበር፣ የእኔው ግን መነፋት አልፎበት ተለወጠ። ከዚያ ካንዴላዎቹ ወጡ። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። የእኔዎቹ እንደ ምጣድ ቂጥ ጥላሸት ለብሰው ነበር። ደረቅ ጥላሸት መሆኑ ግን የምሥራች ነው። ዘይት ጠጥቶ ረጥቦ ቢሆን ጥፋቱ ከፋሻ ወይም ከቫልቭ ጎማ ይሆን ነበር፤ ያኔ ሞተር ማስወረድ ነው፣ ሞተር ማስወረድ ደግሞ ርካሽ የለውም።

የጭሱ ቀለም ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ወፍራም ዘይት ጨምሮ ለአንድ ቀን ማለፍ ይቻል ይሆናል፣ እኔ ግን ገንዘብ መጣያ ነው እላለሁ። ነጭ ሲሆን ሁለት ነገር ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆምና የራዲያተር ውኃ የሚያጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። በሞጣ ብርድ ማለዳ ለአምስት ደቂቃ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን እንፋሎት ነውና አያስደነግጥ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይወልዳል፤ ብርዱ ነው የሚያሳየን።

ናፍታ ላይ ጉዳዩ ይከፋል፣ ይበልጥም ያስቆጫል። አሮጌ አይሱዙ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ከኋላው የተከተለ ሰው መስኮት መዝጋት ለምዷል። የናፍታ ሞተር አየሩን አይመጥንም፤ የሚመጠነው ናፍታው ነው። የድሮው ፖምፓ እግር እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ቆላም ደጋም ያንኑ መጠን ይረጫል። ሾፌሩ ጉልበት አነሰኝ ብሎ ፖምፓውን ያስከፍታል፣ ናፍታው ይጨመራል። ግን የጎደለው ናፍታ ሳይሆን አየር ስለሆነ የተጨመረው ናፍታ አብዛኛው ወደ ጥላሸት ይለወጣል። የሚከፍለው ለጭስ ነው ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር በዚህ ይድናል፤ ቱርቦ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየሩን አፍኖ ያስገባል፣ ወናፉን የሚያዞረው ደግሞ የራሱ ጭስ ነው። ቱርቦ ለሌለው መድኃኒቱ ፖምፓውን ልክ ማስያዝና ናፍታ ማርከፍከፍ ሲገባቸው የሚያንጠባጥቡትን ኖዝሎች ማስሞከር ነው። ፖምፓውን ለምርመራ ቀን አስቀንሶ ማግስቱን መልሶ የሚያስከፍት ባለመኪና ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የናፍታ ይከፍላል።

የናፍታ ጭስ የሚለካው በብርሃን ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሹ ወጥቶ፣ ነዳጁ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ ይረገጣል። ይህ ጥቂት ጊዜ ይደጋገምና አማካዩ ይወሰዳል፤ መሣሪያው ጭሱ ምን ያህል ብርሃን እንደጋረደ ያነባል። በአውሮፓ ቱርቦ ለሌለው ሲሠራበት የኖረው ገደብ በዚህ መሣሪያ ንባብ 2.5 ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ጭስ ከመቶ እጅ ብርሃን ስምንቱን ብቻ ያሳልፋል። ይህም ገደብ ነው እንግዲህ! የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

አሮጌ መኪና ለምን ይዘን እንቆያለን የሚል ካለ መልሱ ኪሳችን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመጣው ኤክሳይዝ ታክስ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አዋጅ ቁጥር 681/2002 በበኩሉ ያለው መኪና በየዓመቱ ይመርመር ይላል። ያለችውን ማከም ነው የቀረን።

ኢንጀክሽን ያላቸው እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች የአየሩን መሳሳት በሴንሰር አውቀው ቤንዚኑን ራሳቸው ይቀንሳሉ። እነሱ ላይ የጋዙ ልኬት ከበዛ ሴንሰር ወይም ካታሊስት ነው የሚጠረጠረው። ካታሊስት ደግሞ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ካልሞቀ አይሠራም፤ ስለዚህ ወደ ምርመራው ሃያ ደቂቃ ያህል ነድቶ መድረስ፣ ደርሶም ሞተር አጥፍቶ ወረፋ አለመጠበቅ ብር የማይከፈልበት ጥገና ነው። ካርቡራተር ላላትም ሙቀት ይጠቅማል፤ ቾኩ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ያኔ ነው። ቤንዚን ከማደያ ይቀዳ፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ተደባልቆበት ከሆነ የቱም ማስተካከያ አያድነውም። ያረጀ ዘይትም ይለወጥ፤ ውስጡ የተጠራቀመው ቤንዚን በትንፋሽ ቱቦው ወደ ሞተሩ እየተመለሰ ቁጥሩን ያበላሻል።

የእኔዋ ፊልትሮና ካንዴላ ከተለወጠላት በኋላ የቀረው የሚኒሞ ማስተካከያ ነበር። ወጣቱ የጋዝ መለኪያ የለውም፤ ጆሮ አለው። ሞተሩ እንደሞቀ የቅልቅሏን ቡሎን በትንሿ ካቻቪቴ ወደ ውስጥ እያጠበቀ ሄደ፤ ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር መለሰ፤ ድምፁ ከሁሉ በላይ ሲስተካከል ቆመና እንደገና ጥቂት ወደ ውስጥ ገፋት። ማርሚታው ላይ የያዘው ነጭ ጨርቅ ከበፊቱ ይልቅ ነጣ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ ጠመኔ አወጣና ኮፈኑ ውስጥ «1 ዙር ከሩብ» ብሎ ጻፈ።

«ይህ ለምንድነው?» አልኩት።

«ዓባይ በረሃ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ሚኒሞ ላይ ልትጠፋብዎት ትችላለች። እዚያ የሚያገኙት መካኒክ ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ ነው» አለኝና እጁን በናፍታ መታጠብ ጀመረ።