የስንት ጋን ፋብሪካ ይሠራ? በስኳር ፋብሪካ ፕላን ላይ ስለሚደረግ የኮምፒዩተር ስሌት

የስኳር ፋብሪካ ፕላን የሚያወጣ መሐንዲስ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ የማትነኛ ጋኖች ቍጥር ነው። ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ጭማቂ ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ስኳርና ሌላ የሟሟ ነገር ሲሆን የቀረው ውሀ ነው። ስኳሩ ከመርጋቱ በፊት ጭማቂው እስከ 65 እጅ ድረስ መወፈር አለበት። እንግዲህ ከ100 ቶን ጭማቂ 77 ቶን ያህል ውሀ ተንኖ ይወጣል ማለት ነው፤ ይህም ብዙ እንፋሎት ይጠይቃል።

ቀድሞ በሉዊዚያና ጭማቂው የሚፈላው በተከፈተ ድስት ነበር፤ ባሮችም የሚፋጀውን ጭማቂ በጭልፋ ከድስት ወደ ድስት ያጋቡ ነበር። ይህን የለወጠው የኒው ኦርሊንስ ተወላጅና በእናቱ በኩል የአፍሪካ ዘር የነበረው መሐንዲስ ኖርበርት ሪልዩ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1843 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ከአንደኛው ጋን የሚወጣው እንፋሎት ሁለተኛውን እንዲያፈላ ያደርጋል። በሁለተኛው ጋን ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ስለሚል ጭማቂው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ።

በግምት ሲሰላ ለ77 ቶን ውሀ በአንድ ጋን 77 ቶን፥ በሁለት 39፥ በሦስት 26፥ በአራት 19፥ በአምስት 15 ቶን እንፋሎት ይበቃል። ሁለተኛው ጋን 38 ቶን ሲያተርፍ አምስተኛው 4 ቶን ብቻ ማትረፉን አንባቢ ልብ ይበል። ወጪው ግን እንዲህ አይቀንስም። ከመጀመሪያው እንፋሎት እስከ መጨረሻው ጋን ያለው የሙቀት ልዩነት የተወሰነ ስለሆነ፥ ጋን በተጨመረ ቍጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጋን ሥራ ቢቀልም ሙቀት የሚያስተላልፉት ቧንቧዎች ስፋት አይቀንስም። ሙቀቱን ከፍ እናድርግ ቢባል ደግሞ ስኳሩ ይበላሻል፥ ይጠቍራልም።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ስለሚጋፉ ነው ኮምፒዩተር የተፈለገው። የአንዱ ጋን ሥራ በሌላው ግፊት ስለሚወሰን አንዱን ለብቻው ማስላት አይቻልም፤ ገምቶ፥ አስልቶ፥ የክብደቱና የሙቀቱ ሒሳብ እስኪገጥም ድረስ ማረም ግድ ነው። ሲሙሌሽን የሚባለው ፋብሪካውን በሒሳብ አስመስሎ የማስላት ሥራ ይኸው ነው። በ1976 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረው አስፐን የተባለው ሥራ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ፕሮግራም ይጨመራል፤ ይኸውም የጋኑን ቍጥር፥ ስፋትና ግፊት እየለዋወጠ ሲሙሌሽኑን ይጠይቃል፥ ደካማውን ፕላን ይጥላል፥ ደኅና ደኅናውን ያዳቅላል። ካልያንሞይ ዴብና ባልደረቦቹ በ2002 ያወጡት ዘዴ በብዛት ይሠራበታል። በመጨረሻ የሚቀሩት አንዱን ጥቅም ሳይጐዱ ሌላውን ማሻሻል የማይቻልባቸው ፕላኖች ናቸው፤ ስብስባቸውም በኢጣሊያዊው የኤኮኖሚ ሊቅ በፓሬቶ ስም ይጠራል።

አንዳንዶች ሁሉን ነገር አስቀድመው ወደ ገንዘብ መልሰው አንድ መልስ ብቻ ይሻሉ። ይህ መንገድ ቀላል ቢሆንም ዋናውን ጥያቄ የሚሸፍን ይመስለኛል። የስኳር ፋብሪካ ማገዶ ከአገዳው የሚቀረው ገለባ ነው፤ በገንዘብ አይገዛም። የተረፈውን ገለባ የሚፈልገው ከሌለ አምስተኛው ጋን የገለባ ክምር ከማሳደግ በቀር ፋይዳ የለውም። ኤሌክትሪክ ተመርቶበት የሚሸጥ ከሆነ ግን ያው ጋን ዋጋውን ይመልሳል። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት በጀመረችው በአገራችንም ቢሆን የእንፋሎትን ዋጋ የሚወስነው ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለው ገበያ ነው።

አንድ ነገር ግን በብርቱ መጠርጠር አለበት። መራጩ ፕሮግራም የሲሙሌሽኑን ስሕተት እንደ ትርፍ ቈጥሮ ይሻማበታል። ሲሙሌሽኑ ቧንቧዎቹ ሁልጊዜ ንጹሕ እንደ ሆኑ አድርጎ ካሰላ፥ መራጩ ስፋታቸው ጠባብ የሆኑትን ፕላኖች ያስቀድማል። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ቧንቧዎቹን ቅርፊት ይይዛቸዋል፥ ሙቀትም በደንብ አያልፍም፥ የአገዳ መጭመቂያውም ጋኖቹን ይጠብቃል። ስለዚህ የሙቀት ማስተላለፉን መጠን ሲሶውን ቀንሶ ስሌቱን እንደገና ማስኬድ ይገባል። ያን ጊዜ ከወረፋው የሚወድቁት ፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ስሌት ርካሽ የተባሉት ናቸው።