ድረ ገጽ ለደብረ ሲና ነጋዴ ምን ያዋጣል?

የድረ ገጽ ሥራ መማር የጀመረ ተማሪ ትምህርቱ ቀላል፣ ቴክኖሎጂውም ሥራን የሚያቃልል መሆኑን መናገር አይሰለቸውም። አባባሉ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ተራ ጽሑፍ በመሆኑ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት ተጽፎ እዚያው ሊታይ ይችላል። ለደብረ ሲና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መማሪያውን ቀደም ብሎ የጫነ ተማሪ ልምምዱን መቀጠል ይችል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ግን፣ በነፃ ቢሰጥም፣ መስመር ይፈልጋል።

የነጋዴው ጥያቄ ሌላ ነው። ተማሪው የሠራለት ገጽ ገዢ ያመጣለታል ወይ?

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ካስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ በታች ትገኛለች። ከበላይዋ የገብስና የባቄላ ደጋ አለ፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ሽንኩርትና ማሾ ነው። ለመንገደኛ ቆሎ የሚሸጥ ሰው ድረ ገጽ አያሻውም፤ መኪናው ራሱ ደጁ ይቆምለታል። ማሾም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያይ በመሆኑ ዋጋው ከዚያ ይሰማል። ጥቅሙ የሚታየው ባቄላ ወይም ሽንኩርት በኩንታል ሰብስቦ ለሩቅ ገዢ በሚያቀርበው ላይ ነው። የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑ፣ የዕለቱ ዋጋና ስልክ ቁጥሩ የሰፈሩበት አንድ ገጽ ደላላውን ከብዙ ጥሪ ያሳርፈዋል፤ ዋጋው በየዕለቱ ከታደሰ ማለት ነው። የአምናን ዋጋ የያዘ ገጽ ከሌለው ይብሳል።

ተማሪዎች በብዛት የሚስቱት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የሚንቀሳቀስ ሥዕልና ትልልቅ ፎቶግራፍ ይወዳሉ፤ ደንበኛውም ያንን አይቶ ይከፍላል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ሦስት ባይት ይይዛል፤ 1,000 ፊደል ያለው የዋጋ ዝርዝር 3 ኪሎባይት ገደማ መሆኑ ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢሆን የዝርዝሩን አንድ ሺህ እጥፍ ይመዝናል። መስመር በደከመ ጊዜ ዝርዝሩ ይደርሳል፣ ፎቶው መንገድ ላይ ይቀራል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ አማርኛን እንደ ሥዕል አድርጎ መለጠፍም አስፈላጊ አይደለም።

ወጪው ሲሰላ የተማሪው የእጅ ዋጋ ትንሹ ነው። የገጹ አድራሻ እንደ ሱቅ ታፔላ ነው፤ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ደግሞ እንደ ሱቅ ኪራይ ነው፤ ሁለቱም በየጊዜው ይከፈልባቸዋል። ከውጭ ኩባንያ የተገዛ እንደሆነ ክፍያው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በብር ሲታሰብ እጅግ ከብዷል። ከሁሉ በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ታፔላው በማን ስም እንደተመዘገበ ነው። በተማሪው ኢሜይል ተመዝግቦ ከሆነ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲርቅ ወይም የይለፍ ቃሉን ሲረሳ ነጋዴው ደንበኞቹ የለመዱትን ስም ያጣል። ክርክሩም ቀላል አይሆንም።

ክፍያ ለመቀበል ገጹ ላይ የተወሳሰበ ነገር መገንባት አያሻም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ስላለ ቀብድ መቀበያ ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ውል በኤሌክትሮኒክ መልእክት በመደረጉ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ይደነግጋል። ስለሆነም ስንት ኩንታል፣ በስንት ብር፣ መቼ እንደሚጫን የሚገልጸውን መልእክት ሁለቱም ወገኖች ሳይሰርዙ ማቆየት ይኖርባቸዋል።