ሕመሙ ዘግይቶ ሲታወቅ፦ እንክሰስ ወይስ እንተው?



መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ከማዘዣው ወረቀት ሌላ ብዙ ይሰማል። ከሁሉ የሚከብደው «መጀመሪያውኑ ቢያውቁት ኖሮ ልጄ እዚህ ባልደረሰ» የሚለው ነው። ያኔ ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ቀደር ነው፣ ሰብር እናድርግ» ሲል ሌላው «እንክሰሳቸው» ይላል። በዚህ ወር ዓምዳችን ከመወሰናችሁ በፊት ማየት ያለባችሁን እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጉደር የሚኖር የ10 ዓመት ልጅ ውሃ እየጠማው፣ ሽንት እያመላለሰው፣ እየከሳ ሄደ እንበል። ክሊኒክ ወሰዱት፤ «ታይፎይድ ነው» ተባለና መድኃኒት ተሰጠው። ከሳምንት በኋላ ሌላ መድኃኒት ተቀየረለት። በመጨረሻ ራሱን ስቶ አምቦ ሆስፒታል ሲደርስ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን የሚያሳየው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ምርመራ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ቤተሰቡ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

በቀደር ማመን መብትን መጣል ማለት አይደለም። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጀህ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። ኢብኑል ቀይምም «ዛዱል መዓድ» በተባለው ኪታባቸው፣ ሙያውን የሚያውቅና የሚገባውን ሁሉ ያደረገ ሐኪም ታማሚው ቢጎዳም ካሳ እንደማይጠየቅ ያስረዳሉ። ስለዚህ የሚመዘነው የሐኪሙ ሥራ እንጂ ውጤቱ ብቻ አይደለም።

ይቅር ማለት ትልቅ ምንዳ አለው። ነገር ግን ይቅር የሚባለው የተፈጸመው ነገር ሲታወቅ ነው። የተጎዳው ልጅ ከሆነ ደግሞ ካሳው የልጁ ሐቅ ነውና ለመተው ከመቸኮላችሁ በፊት ዑለማኦችን ጠይቁ።

ሦስት ጥያቄዎች

አንደኛ፦ ጥፋት ነበር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት ይደነግጋል። በምሳሌያችን እናት ጥማቱንና ሽንቱን ተናግራ ሳለ ስኳሩ ካልተለካ ጥያቄ ያስነሳል። ትኩሳት ብቻ ተናግራ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። «ሆስፒታል ውሰዱት» ተብሎ ሪፈር ተጽፎ ቤት ውስጥ ሳምንት ከቆየም፣ የዘገየው ማን እንደሆነ በሐቅ መመስከር አለብን።

ሁለተኛ፦ ጉዳቱ የመጣው ከመዘግየቱ ነው? የስኳር በሽታውን ክሊኒኩ አላመጣውም፤ በጊዜ ቢታወቅም ልጁ ኢንሱሊን መውሰዱ አይቀርም ነበር። መዘግየቱ ያመጣው ራሱን መሳቱን፣ ከዚያ የተከተለውን ጉዳትና ለዚያ የወጣውን ወጪ ነው። ፍርድ ቤት የሚመዝነው ይህን ልዩነት ነው።

ሦስተኛ፦ የምትፈልጉት ምንድን ነው? ማብራሪያ ከሆነ በመጀመሪያ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ። ባለሙያው እንዲገሠጽ ወይም ፈቃዱ እንዲታገድ ከሆነ ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይቀርባል፤ ኮሚቴው ግን ካሳ አይወስንም። ካሳ ከሆነ መንገዱ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። በቸልተኝነት ሞት ወይም የአካል ጉዳት ደርሷል ከተባለ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 እና 559 አሉ፤ አቤቱታው ለፖሊስ ይቀርባል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የሚያዩት የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ይህ ዓይነቱ ክስ እዚያ አይታይም።

ሳታውቁት የሚያልፈው ጊዜ

ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው፣ በአንቀጽ 2143 መሠረት፣ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ ወይም ክሱ በውል ላይ ከተመሠረተ ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ እናንተ ግን በዚያ ተማምናችሁ አትዘግዩ። «ሐዘኑ ይውጣልን» ሲባል ሁለት ዓመት በቶሎ ያልፋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ እነዚህን አድርጉ፦

• የሐኪም ማዘዣ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሪፈር ወረቀትና ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡ።
• የትኛው ቀን ለማን ምን እንደተናገራችሁና ምን እንደተባላችሁ ሳይረሳ ጻፉ።
• ካርዱ ላይ የተጻፈው በማጠቃለያ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።
• ጉዳዩን የማያውቅ ሌላ ሐኪም ወረቀቶቹን እንዲያይላችሁ አድርጉ።
• የሕግ ባለሙያ አማክሩ። አቅም ለሌለው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዳኝነት መክፈል የማይችልም በድህነት እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ስለሆነ ማመልከቻው በዚያው ይዘጋጅ።

ሸክሙም ይታወቅ

ማስረዳት የከሳሹ ፋንታ ነው፤ የሙያ ምስክር ማግኘትም ቀላል አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የፌዴራሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሰጣቸውን 125 ውሳኔዎች ተመልክቶ፣ በአብዛኞቹ ጥፋት እንዳልተገኘ አሳይቷል። ይህ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ያለ ማስረጃ የተነሣ ክስ ቤተሰቡን ገንዘብና ዓመታት እንደሚያስወጣ ለማሳሰብ ነው።

በእኔ እምነት፣ የሙያ ደንብ መጣሱን ሌላ ሐኪም ከተናገረና ጉዳቱ ዕድሜ ልክ የሚቀር ከሆነ መብትን መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ካለ ግን ታማሚው ከዳነ፣ አቤቱታ ማቅረብ ብቻውን ሌላውን ልጅ ያድናል። ጥፋት ከሌለም ማወቁ ልብን ያሳርፋል፤ ያኔ ሰብሩ እውነተኛ ሰብር ይሆናል። በማንኛውም መንገድ ግን ንዴት ሐኪም ላይ እጅ እንድታነሡ ወይም ልጁን ከሕክምና እንድታስቀሩት አያድርጋችሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋውን፣ ለተጎዱት ሐቃቸውን፣ ለባለሙያዎቻችንም አማናቸውን የመጠበቅ ብርታቱን ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።