«ቴምብር»፦ ከከበሮ እስከ ደብዳቤ

በደብዳቤ ፖስታ ላይ የምትለጠፈውን ጠርዘ ጥርሳም ወረቀት «ቴምብር» እንላታለን። ስሟን የወረስነው እንግሊዞች «ስታምፕ» ከሚሉት ሳይሆን ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች ቃሉን ሲናገሩ «ም» ለብቻው አይሰማም፤ አናባቢው በአፍንጫ በኩል ይወጣል። አማርኛ እንዲህ ያለ አናባቢ ስለሌለው በእኛ አንደበት «ም» ራሱን ችሎ ይደመጣል።

የቃሉ ጥንተ ነገር ግን ከደብዳቤ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በጥንቱ ግሪክኛ «ቲምፓኖን» ከበሮ ማለት ሲሆን «መታ» የሚል ትርጉም ካለው ግሥ የወጣ ነው። ቃሉ በመካከለኛው ዘመን ወደ ፈረንሳይኛ ገብቶ መጀመሪያ ከበሮን፣ ቀጥሎም ምላስ የሌለውንና ከውጭ በመዶሻ የሚመታውን ደወል ሰየመ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

አንደኛው የደወሉን ድምፅ ተከተለ። ክራርና ዋሽንት አንዱን ኖታ በእኩል ጉልበት ቢያሰሙም ጆሯችን ይለያቸዋል፤ ከዋናው ድግግሞሽ ጋር የሚሰሙት ተደራቢ ድግግሞሾች መጠናቸው ይለያያልና። ይህን የድምፅ ቃና የፊዚክስ ሊቃውንት እስከ ዛሬ በዚሁ የፈረንሳይኛ ቃል ይጠሩታል።

ሁለተኛው የደወሉን ቅርጽ ተከተለ። በመኳንንት አርማ አናት ላይ የሚሳለው የራስ ቁር ደወል ስለሚመስል በስሙ ተጠራ፤ ከአርማው ስሙ በወረቀት ላይ ወደሚመታው ማኅተም ተሻገረ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1840 የመጀመሪያውን ተለጣፊ የፖስታ ቴምብር አወጣች፤ ፈረንሳይ በ1849 ስትከተላት ለአዲሱ ነገር የሚሆን ስም በእጇ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ፖስታን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። ኢትዮጵያ በ1908 የገባችበት የዓለም ፖስታ ኅብረትም መደበኛ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው። ዕቃውም ስሙም ከአንድ አቅጣጫ መምጣታቸው አያስገርምም።

«የጆሮ ታምቡር» ስንልስ? ከ«ቴምብር» ጋር መንትያ ይመስላል፤ ትርጉሙም ከበሮ ነው። ሆኖም የ«ታምቡር»ን ሥር ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፋርስኛና ዐረብኛ ይመሩታል። የግሪኩ ከበሮ እውነተኛ ዘመድ ሐኪሞች ለዚሁ የጆሮ ክፍል የሚጠቀሙበት የላቲን ስም፣ «ቲምፓኑም»፣ ነው። በአንጻሩ በውል ሰነድ ላይ የሚከፈለው «የቴምብር ቀረጥ» ከደብዳቤው ቴምብር የራቀ ቢመስልም ባለሙሉ መብት ወራሽ ነው፤ በፈረንሳይኛ የሰነዱ ማኅተም ይህን ስም የያዘው ከፖስታው ቀድሞ ነውና።