አንድ ክር፣ አንድ ድንጋይ፦ ክላሲካል ሜካኒክስን እንዴት እናጥና?



ለዛሬው ንግግሬ ያመጣሁት መሣሪያ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ክርና ከግቢያችን ያነሣሁት ድንጋይ። ክሩን በዚህ ምስማር ላይ አስሬ፣ ድንጋዩን ጥቂት ወደ ጎን ስቤ ብለቀው፣ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በምትኩ ሁለት እጥፍ የሚከብድ ድንጋይ ባስርም ጊዜው አይለወጥም። የሚከብደውን ስበት አብልጦ ይጎትተዋል፤ ለማንቀሳቀስም በዚያው ልክ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ይጣፋሉ። በዚህ ተራ ነገር ውስጥ የክላሲካል ሜካኒክስ ትምህርት አብዛኛው ክፍል ይገኛል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተማቸውን ሦስቱን የእንቅስቃሴ ሕጎች በቃሉ ይዞ ይመጣል። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። በአንድ ፈተና ላይ ክሩ አግድም እስኪሆን፣ ማለትም እስከ 90 ዲግሪ ተስቦ የተለቀቀ ፔንዱለም የምልልሱ ጊዜ ስንት እንደሆነ ተጠየቅሁ። በቃሌ የያዝሁትን ቀመር ጻፍሁ፤ ርዝመቱን በስበት ፍጥንጥነት አካፍዬ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ወስጄ፣ በሁለት ፓይ አባዛሁ። ያገኘሁት ነጥብ ዜሮ ነበር።

ቀመሩ ስሕተት አልነበረም፤ ቦታው ግን ያ አልነበረም። ያንን ቀመር ስናወጣ የማዕዘኑን ሳይን በራሱ በማዕዘኑ እንተካለን፤ ይህም የሚፈቀደው ማዕዘኑ ትንሽ ሲሆን ነው። ድንጋዩ ከ10 ዲግሪ ቢለቀቅ ስሕተቱ ከ0.2 በመቶ አይበልጥም። ከ90 ዲግሪ ቢለቀቅ ግን እውነተኛው ጊዜ ቀመሩ ከሚሰጠው በ18 በመቶ ይረዝማል። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ቀመርን ስትይዙ የሚሠራበትን ሁኔታ አብራችሁ ያዙ። ይህን የምታገኙት ደግሞ ቀመሩን በገዛ እጃችሁ፣ በባዶ ወረቀት ላይ ስታወጡት ነው።

ሁለተኛው ነገር ኃይልን ስለማየት ነው። ድንጋዩ በታችኛው ነጥብ ላይ ሲያልፍ የክሩ ውጥረት ከድንጋዩ ክብደት ጋር እኩል ነውን? ይህን ስጠይቅ ብዙ ተማሪዎች «እኩል ነው» ይሉኛል። ድንጋዩ በዚያች ቅጽበት ወደ ላይም ወደ ታችም ስለማይሄድ መልሱ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የድንጋዩ መንገድ ቅስት ነው፤ የፍጥነቱ አቅጣጫ ወደ ላይ እየታጠፈ ነው። አቅጣጫ መለወጥም የፍጥነት ለውጥ ስለሆነ፣ ወደ ላይ የሚጎትት ትርፍ ኃይል ያስፈልጋል። ከ90 ዲግሪ በተለቀቀ ድንጋይ የክሩ ውጥረት በዚያ ነጥብ የክብደቱን ሦስት እጥፍ ይደርሳል። «እኩል ነው» ያለው ተማሪ ሁለተኛውን ሕግ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሥዕል ስሎ፣ ኃይሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ በፊቱ ካለው ክር ጋር ግን አላገናኘውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተማሪው ከላግራንዥ ጋር ይተዋወቃል። ላግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1788 ባሳተመው የሜካኒክስ መጽሐፍ ውስጥ አንድም ሥዕል አላስገባም። በእርሱ መንገድ ለፔንዱለማችን የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱም ማዕዘኑ ነው። የእንቅስቃሴውን ኢነርጂ ከከፍታ ከሚገኘው ኢነርጂ ጋር አነጻጽረን እኩልታውን እናገኛለን። ውጥረቱ ሁልጊዜ ለድንጋዩ መንገድ ቀጤ ነክ ስለሆነ ሥራ አይሠራም፤ ከስሌቱም ይወጣል። ተማሪው በዚህ ተደንቆ የኒውተንን መንገድ ሊረሳ ይቃጣዋል። «ክሩ ይበጠሳልን?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያስወጣውን ውጥረት መልሶ መፈለግ ይኖርበታል። ስለዚህ መንገዱን የሚመርጥልን ጥያቄው ነው።

ሦስተኛው ምክሬ መልስን በጽንፍ መፈተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ፉኮ በፓሪሱ ፓንቴዎን 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኳስ በ67 ሜትር ሽቦ አንጠልጥሎ፣ የምድርን መዞር ለሕዝብ አሳየ። ፔንዱለሙ የሚመላለስበት መስመር በፓሪስ አንድ ዙር ለመጨረስ 32 ሰዓት ያህል ይወስዳል። አዲስ አበባ ላይ ብንሰቅለውስ? ጊዜው የሚገኘው አንዱን የምድር ዙር በኬክሮሱ ሳይን በማካፈል ነው። ይህን ከማመናችሁ በፊት ወደ ጽንፍ ውሰዱት። በሰሜን ዋልታ ሳይኑ አንድ ስለሆነ አንድ ቀን ይሰጣል፤ ምድር ከፔንዱለሙ ሥር ትዞራለችና ትክክል ነው። በምድር ወገብ ሳይኑ ዜሮ ስለሆነ መስመሩ ከቶ አይዞርም፤ በዚያ ምድር በቆመ ሰው ቁመት ዙሪያ አትሽከረከርምና ይህም ትክክል ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ መልሱ ከ6 ቀን በላይ ይሆናል። ይህን ያህል በዝግታ የሚዞረውን መስመር ለማየት አየር እንዳያቆመው ኳሱን በየጊዜው መግፋት፣ ትዕግሥትም ማብዛት ያሻል።

በዚህ ትምህርት ተስፋ ቆርጠው የሄዱ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ። አብዛኞቹ የጎደላቸው አእምሮ አልነበረም። መቶ ጥያቄ በአንድ ሌሊት ሠርተዋል፤ አንዱን ጥያቄ ግን በሁለት መንገድ ሠርተው፣ መልሱን በጽንፍ ፈትነው፣ ለጓደኛቸው አላስረዱም። እናንተ ዛሬ ማታ ወደ መኖሪያችሁ ስትመለሱ ክርና ድንጋይ ፈልጉ፤ የምልልሱን ጊዜ በእጥፍ ለማሳደግ ክሩ ስንት ሜትር መሆን እንዳለበት አስቀድማችሁ ገምቱ፤ ከዚያም ሰቅላችሁ ቁጠሩ። ግምታችሁ ካልሰመረ በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮዬ ኑና ለምን እንዳልሰመረ አብረን እንይ።