ልጄ «ሞተሩን ላሳድግ» ሲለኝ

እቁቤ የወጣልኝ ዕለት ማታ ልጄ ሳልጠይቀው ቡና አፈላ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ ሳይለምኑት ቡና ሲያፈላ፣ እናት የሆነ ነገር እንደፈለገ ታውቃለች። ሁለተኛው ላይ «እማዬ፣ የአባዬን መኪና ሞተር ላሳድገው ነው፤ እቁቡን አበድሪኝ» አለኝ።

መኪናዋ ባለቤቴ ትቶልን የሄደው አሮጌ ኮሮላ ናት፤ ገርጂ ከሚገኘው ቤታችን ግቢ ቆማለች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ «ያለችንን ማጠንከር ነው የሚያዋጣን» አለ። ግን ሐሳቡ ሥራ መመላለሻ ብቻ አልነበረም። ወጣቶቹ «ድራግ» የሚሉትን፣ ከቆሙበት ተነሥቶ 402 ሜትር በቀጥታ መሮጥን ይፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ነርስ ነበርኩ፤ ብዙ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አድሬአለሁ። በፍጥነት ሲነዱ ተጋጭተው የመጡ ልጆችን ልብስ በመቀስ ቀድጄአለሁ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «እምቢ!» ነበር። ግን «አይሆንም» ብቻ የተባለ ሕመምተኛ ተደብቆ ሌላ ቦታ እንደሚሄድም ከሥራዬ አውቃለሁ። ስለዚህ በማግሥቱ ጋራዥ አብሬው ሄድኩ።

መካኒኩ ያረጀ ኮሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አስረዳኝ። ኮሎ የፒስተኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ ዙር የሚቀይረው ከባድ ዘንግ ነው። ክርኑ ሲረዝም ፒስተኑ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፤ ብዙ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ረጅም ትንፋሽ እንደመሳብ ነው።

ይህን ቶዮታ ራሱ በፋብሪካው አድርጎታል። የእኛ መኪና ሞተር ሦስት ኬ ይባላል፤ የፒስተኑ ጉዞ 66 ሚሊሜትር፣ መጠኑ 1,166 ሲሲ ነው። አራት ኬ በተባለው ሞተር የፒስተኑን ስፋት በ75 ሚሊሜትር እንዳለ ትተው ጉዞውን ወደ 73 ሲያስረዝሙት 1,290 ሲሲ ሆነ።

«ታዲያ ኮሎውን ብቻ መቀየር ነዋ?» አልኩ። መካኒኩ ሳቀ። ጉዞው በ7 ሚሊሜትር ሲረዝም ፒስተኑ 3.5 ወደ ላይ፣ 3.5 ወደ ታች ይጨምራል። ቢዬላውና ፒስተኑ አብረው ካልተመጠኑ ፒስተኑ ከላይ ካለው ቴስታታ ጋር ይጋጫል። ደግሞ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሴኮንድ ከ13.2 ወደ 14.6 ሜትር ይወጣል። ያ ሁሉ ጫና አሮጌ ብረት ላይ ነው። የልብን ምት ከማፋጠን በፊት የደም ሥሩን መመርመር አይደል?

ሁለተኛው መንገድ ከዚያው ዘር የሆነውን አምስት ኬ ሞተር ሙሉውን መግጠም ነው። ጉዞው ያው 73 ሚሊሜትር ነው፤ ፒስተኑ ግን 80.5 ሚሊሜትር ሰፍቶ መጠኑ 1,486 ሲሲ ይደርሳል። ኮሎ፣ ቢዬላና ፒስተን ከፋብሪካ ተመጣጥነው የመጡ ናቸው፤ ቢበላሽም መለዋወጫ መፈለግ ይቀላል።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ትዝ አለኝ። በወጣትነቱ ወደ አሰብ ሲነዳ «መኪናዋ እዚያ ስትደርስ ትበራለች» ይል ነበር፤ ጉራ ይመስለኝ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። እኛ ነርሶች ይህን ስለ ሳንባ ስንማር እናውቀዋለን፤ ሞተርም ያው ነው። 1,486 ሲሲ ያለው ሞተር እዚህ የሚስበው አየር፣ 1,166ቱ አሰብ ላይ ይስብ ከነበረው ጋር ይቀራረባል። ልጄ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። የሚፈልገው የአባቱን ያችን መኪና ነበር ለካ!

አምስት ኬውን መረጥን። እኔ ግን ገንዘቡን የሰጠሁት በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና የደኅንነት ቀበቶ፤ ያቺ መኪና ስትሠራ የታሰበላት ፍሬን ለትንሹ ሞተር ነውና። ቀጥሎ ማቀዝቀዣው። ሞተሩ መጨረሻ። ሌላ ቃልም አስገባሁት፦ ሩጫው መንገድ ተዘግቶ፣ አምቡላንስ ቆሞ በሚደረግ ውድድር ላይ ብቻ። የቦሌ መንገድ በሌሊትም ቢሆን የሰው መሻገሪያ ነው። ጽዳት ሠራተኛ አለ፤ ከፈረቃ የምትመለስ ነርስ አለች።

ተቆጣ፤ አንድ ሳምንት አላናገረኝም። በስምንተኛው ቀን የፍሬኑን ዋጋ በወረቀት ጽፎ አመጣልኝ።

ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ሲመጡ ከመከልከላችሁ በፊት አብራችሁ ጋራዥ ሂዱ። ብሩን የያዘ ሰው ቅደም ተከተሉንም መያዝ ይችላል። የእኛ ፍሬን ተገጥሟል። ሞተሩ ገና አልገባም፤ እኔም አላስቸኮልኩትም።